ሰባት መቶ ግራም

የአባቴ የቦክስ ጓንቶች እያንዳንዳቸው ሰባት መቶ ግራም ነበሩ። ይህን የማውቀው ሲመዝናቸው አጠገቡ ስለነበርኩ ነው። በቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ኣሌፍ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ሥር በምትገኘው ማኮሌት፣ በትንሿ የሸቀጥ ሱቅ፣ ባለሱቁ ቲማቲሙን ገለል አድርጎ የአትክልት ሚዛኑን ለቀቀለት። አባባ ቀኙን መዘነ፤ ግራውን መዘነ፤ ከግራው በሁለት ጣቱ ትንሽ አሸዋ ቆንጥሮ አወጣና እንደገና መዘነ። ባለሱቁ በዕብራይስጥ «ኬክ ልትጋግርበት ነው እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ ተረጎምኩለት፤ አባባም ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ራቪት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ንጋት እባላለሁ። ወላጆቹ ዕብራይስጥ የማያነቡ፣ እሱ ግን የሚያነብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓለምን የማስተዳድራት እኔ ነኝ ማለቱ አይቀርም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የኩፓት ሆሊም፣ የጤና ጣቢያው፣ ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣ ወረቀት፣ ሁሉም በእኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። በእኔ አፍ ያላለፈ አንድ ደብዳቤ እቤታችን ውስጥ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

አባባ፣ ስሙ ታየ፣ በፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ጎንደር እያለ፣ የቀበሌው ቡድን ቦክሰኛ ነበር። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣቴ እየነካሁ ታሪኳን ስንት ጊዜ እንዳስደገምኩት። በዚያ ዓመት፣ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ፣ ቀኝ እጁ ዕቃ መጣል ጀመረ። መጀመሪያ ብርጭቆ ጣለ፤ ሳቅንበት። ከዚያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሙሉ ሣጥን ጣለ፤ ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ቤት እንዲያርፍ ተነገረውና ከእማዬ እና ከጋሼ ጓንጉል ጋር ሆስፒታል ሄደ። ጋሼ ጓንጉል የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድሞ ወደ እስራኤል የመጣ፣ ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ፣ ዕብራይስጡ ውኃ የሆነ ሰው ስለነበር ትልልቅ ነገር ሲመጣ እኔን አስቀምጠው እሱን ይወስዱ ነበር። ይህም ያናድደኝ ነበር።

ሲመለሱ ጋሼ ጓንጉል በሩ ላይ ቆሞ «ምንም አይደል፤ ድካም ነው። የነርቭ ድካም ነው ያሉት። ካረፈ ይለቀዋል» አለኝ። አባባም ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በቀጥታ ሄዳ ድስት ማጠብ ጀመረች። ድስቱ ንጹሕ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሐኪሙ በዚያ ቀን ድካም የሚል ቃል አልወጣውም። ያለው ሌላ ነው፤ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያመነምን፣ ከእጅ ጀምሮ ወደ መተንፈሻ የሚሄድ ሕመም ነው ያለው። ጋሼ ጓንጉል ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሰማና ወደ አባቴ ዞሮ «ድካም ነው» አለው። ክፋት የለበትም። በእኛ ዘንድ ክፉ ሕመም ለበሽተኛው ፊት ለፊት አይነገርም፤ ለዘመድ ይነገራል፣ የሚሸከመውም ዘመድ ነው። እናቴም በኮሪደሩ ውስጥ ከወንድሟ ሰምታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ አባቴን «እግዜር ይመስገን፣ ቀላል ነው» አለችው።

ግን አባቴ ቦክሰኛ መሆኑን ረስተውታል። ለቦክሰኛ ድካም ማለት ልምምድ ጎድሎታል ማለት ነው። የዛለ እጅ ክብደት ሲጫንበት ይጠነክራል፤ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው። በማግስቱ ወደ ሞሼ ሄደ።

ሞሼ የሰፈራችን የቦክስ አሠልጣኝ ነው። ክበቡ ሚክላት ውስጥ ነበር፤ ሚክላት በጦርነት ጊዜ ሰው የሚሸሸግበት የምድር ቤት ነው፤ በሰላም ጊዜ ሞሼ የሚደበደበውን ከረጢት ይሰቅልበታል። ደረጃውን ስንወርድ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ተቀበለን። ሞሼ የአባባን ታሪክ በእኔ አስተርጓሚነት ሰማ፤ ከዚያም ከአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ያረጁ ጓንቶች አወጣ። ገበሩን ቀድዶ አሸዋ እንዲያስገባበትና መልሶ እንዲሰፋው ነገረው።

«በዚህ ጓንት ከረጢቱን አትመታም» አለው ጣቱን እያወዛወዘ። «ሰውማ ጭራሽ! አየር ብቻ። አለበለዚያ መጀመሪያ አንጓህ ይሄዳል፣ ከዚያ ትከሻህ። ቀስ ብለህ፣ ቅርጹን ሳታበላሽ። ስትጨርስ ታወልቀዋለህ። ያን ጊዜ እጅህን የሚይዘው የለም።»

አባባ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን በትሕትና ሰማው። አሸዋውን ከሕንጻችን ጀርባ ካለው ባዶ መሬት አመጣን፤ በእማዬ ወንፊት ነፋነው፤ እሱ ራሱ በወፍራም ክር፣ ጥብቅ ጥብቅ አድርጎ ሰፋው። የመጀመሪያ ቀን እኔንም አስሞከረኝ። ዐሥር ጊዜ አየሩን ስመታ ትከሻዬ ተቃጠለ። ሲያወልቅልኝ ግን ሁለቱ እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ላይ ተነሡ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ አጠገብ እንቆማለን። እሱ ጓንቱን ያጠልቃል፣ እኔ የተገለበጠ የወተት ሣጥን ላይ እቀመጣለሁ። ሥራዬ መቁጠር ነው። እኔ በዕብራይስጥ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ እሱ በአማርኛ በሆዱ። አንዳንዴ እሱ ይቀድመኛል፣ አንዳንዴ እኔ እቀድመዋለሁ፤ መቶ ላይ ግን እንገናኛለን። ጓንቱ ውስጥ አሸዋው ሿ ሿ ይላል። የጎረቤት ሴቶች በመስኮት ብቅ እያሉ ያዩታል፤ እኔም አባቴ ስለታየልኝ እኮራለሁ።

በሚክላቱ በር ላይ የሐኑካ በዓል የቦክስ ውድድር ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።

«አባባ፣ አንተም ትገጥማለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ከማን ጋር?»

«ከሁሉም ጋር።»

«እህ! ከሁሉም ጋር ከሆነማ መግጠሜ አይቀርም» አለኝ።

ቀልዱን መሆኑን እኔ ምኑን አውቄ! በማግስቱ አባቴ በሐኑካ እንደሚገጥም ለክፍላችን ልጆች ሁሉ አፌን ሞልቼ ነገርኩ። አንዷ «የትኛውን ሰውዬ ነው የሚመታው?» ብትለኝ ማስታወቂያው ላይ ያለውን አንገተ ወፍራሙን ሰውዬ ነው አልኳት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጓንጉል መጣ። አባባ ተኝቶ ነበር። እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ስለሚጮህ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው።

«... ያን ጓንት አስጥይው እንጂ!» አለ ጋሼ ጓንጉል።

«ለምን ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» አለች እማዬ። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ። ጋብ ሲል ጋሼ ጓንጉል «አንድ ዘዴ ፈልጊ» ሲል ሰማሁ። «ብቻ ታየ እንዳይነቃ። ልጅቷም እንዳትሰማ።»

ልጅቷ ግን ሰምታለች። ልጅቷ የተረዳችው ደግሞ እንዲህ ነው፦ እናቴና አጎቴ አባባ እንዲገጥም አይፈልጉም። እማዬ ድሮም ቦክስ አትወድም፤ ጎንደር ሳለ ደም በደም ሆኖ ሲመጣ ቁስሉን ያጠበችለት እሷ ናት። ስለዚህ ተመካክረው ሊያሰናክሉት ነው።

ጥርጣሬዬ እውነት ሆኖ የተገኘው ሰኞ ነው። እማዬ ለሃቪም ወደምትባል ከተማ ቤት ለማጽዳት ስለምትሄድ ሰኞ ዘግይታ ነበር የምትገባው። ያን ቀን ግን ቀድማኝ ገብታለች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ተኝቷል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አየሁ። እናቴ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የአባባን ጓንት ጭኗ ላይ አድርጋለች። ስፌቱን በምላጭ ፈታች፤ በማንኪያ አሸዋውን እየዛቀች ወደ ፕላስቲክ ኩባያ አስገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማንኪያ። ከዚያ በመርፌ መልሳ ሰፋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ፊቷ ምንም አይልም፤ ሽንኩርት ስትከትፍ እንደሚመስለው ነው የሚመስለው።

ደሜ ፈላ። የገዛ እናቴ! በዚያ ቀን አባባ መቶውን ሲጨርስ ደስ ብሎት «አየሽ ንጋቴ፣ እየተመለሰ ነው!» ሲለኝ እየተታለለ መሆኑን አወቅሁ። ልነግረው አሰብኩ፤ ብነግረው ከእማዬ ጋር ይጣላሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በራሴ መንገድ ላስተካክለው ወሰንኩ። በማግስቱ እሱ ሲተኛ ከባዶው መሬት አሸዋ አመጣሁ፤ ስፌቱን ፈትቼ ሦስት ማንኪያ መለስኩ። ለክፉም ለደጉም ብዬ አራተኛ ጨመርኩ። ስፌቴ ጠማማ ነበር፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ወጋኝ።

እንዲህ ሆኖ የሁለታችን ጦርነት ተጀመረ። ሰኞ እማዬ ታወጣለች፣ ማክሰኞ እኔ እጨምራለሁ። እሷ ኀሙስ ከቀኙ ትቀንሳለች፣ እኔ ዓርብ የቱ እንደቀነሰ ስለማላውቅ ሁለቱም ላይ እደፋበታለሁ። አንዳችን የሌላችንን አናውቅም፤ እኔስ እሷን አውቃለሁ፣ እሷ ግን እኔን አትጠረጥርም። እማዬ ከብዙ ዓመት በኋላ ስነግራት «ባወጣው ባወጣው አያልቅ! አእምሮዬን ልስት ነው ብዬ ሐኪም ጋ ልሄድ ነበር» ብላ መሳቅ ጀመረች። ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች። ሁለታችንም አለቀስን።

የአባባ ቁጥር አበደ። አንድ ቀን ዘጠና፣ በማግስቱ ሠላሳ ስምንት። አንድ ቀን እየዘለለ ይገባል፣ በማግስቱ ምሳውን ሳይበላ ይተኛል። ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ስቆጥር ፊቱን አይ ነበር፤ ራሱን የሚያዳምጥ፣ መልስ የሚጠብቅ ዓይነት ፊት።

«ገላዬን አላውቀውም ንጋቴ» አለኝ አንድ ቀን ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ትናንት የኔ ነበር፤ ዛሬ የሰው ሆነብኝ።»

ይህ ቃሉ ዛሬ ድረስ ያቃጥለኛል። ሐኪሙ የተናገረውን ነፍገነዋል፤ በዚህ ምድር ላይ እውነቱን ይነግሩኛል ብሎ የሚያምናቸው ሁለት ጓንቶች ብቻ ነበሩ የቀሩት። ሰባት መቶ ግራም ከትናንት ዛሬ ከከበደው፣ እጁ እንደዛለ ያውቃል፤ ልኩን ያውቃል። እኔና እማዬ ተጋግዘን ያንንም አሳበልነው። የምንወደው ከማንም በላይ ነበር፤ ያደረግነው ግን ይህንን ነው።

ለሐኑካ ውድድር ሳምንት ሲቀረው እኔ ጭንቅ ያዘኝ። እስካሁን የባከነውን ለማካካስ ብዬ ቀኙ ላይ አምስት ማንኪያ ጨመርኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ነበር፤ ገመዱ ላይ አንሶላ ይራገባል። አባባ ጀመረ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሽቴም ኤስሬ፣ ዐሥራ ሁለት ስል ቀኝ እጁ ወደ ታች ወረደና አልተመለሰም። ሊያነሣው ሞከረ፤ ትከሻው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሣጥኔን ለቀቅሁለትና ተቀመጠ። ማሠሪያውን ራሱ ሊፈታ አልቻለም፤ ፈታሁለት። እጁ ከጓንቱ ሲወጣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ያለው ሥጋ ጎድጉዶ አየሁ። ቆዳው ሥር አንድ ነገር ይርመሰመስ ነበር፤ እሱ ሳያዘው፣ ዝም ብሎ።

ጓንቶቹን አንሥቶ መዳፎቼ ላይ አስቀመጣቸው።

«የቱ ይከብዳል?»

«እኩል ናቸው» አልኩት።

ተነሣ። ወደ ማኮሌቷ ሄድን። ባለሱቁ ፊቱን አይቶ አልቀለደም፤ ሚዛኑን ለቀቀለት። ቀኙ ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ግራው አምስት መቶ ዐሥር። ቁጥር ለማንበብ እኔ አላስፈልገውም። ጓንቱን ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰ። የራሱን ጥብቅ ስፌት ያውቃል። የእማዬን ደቃቅ ስፌት ያውቃል፤ ሸሚዙን ሁሉ የምትጠግነው እሷ ናት። ጠማማው የማን እንደሆነም የሚጠፋው ሰው አልነበረም። እኔ ቲማቲሙን አየሁ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በተቆጣኝ። «እንሂድ» ብቻ ነው ያለኝ።

በማግስቱ የልብስ ሣጥኑን ከፍቶ ሲፈታትሽ አየሁት። ከእማዬ የሰንበት ልብስ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በጃኬቱ ኪስ ከተተ። ወደ ሚክላቱ ሄድን። «አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» አለኝና ብቻውን ወረደ። ያለ አስተርጓሚ ከሞሼ ጋር ምን ሊያወራ ነው ብዬ ተገረምኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ሲወጡ ሞሼ አባባን አንገቱን አቅፎት ነበር፤ የሞሼ ዓይን ቀልቷል። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ሞሼ አባባን ከውድድሩ ሰርዞታል። ለመግጠም አለመድረሱን አይቶ ሰርዞታል፤ ጥፋቱም የእማዬ ነው። በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ በእግሬ መታሁት።

«ዛሬ አንቆጥርም» አለኝ አባባ በመንገድ ላይ። ከዚያ ቀን በኋላም አልቆጠርንም።

የሐኑካው ውድድር አለፈ። የክፍሌ ልጆች «አባትሽ አሸነፈ?» ሲሉኝ ታሟል አልኳቸው። ውሸት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ወደ ሚክላቱ ከሄድን በስምንተኛው ቀን እማዬ ራሞት በሚባለው ሰፈር ሥራ ላይ ነበረች። ዝናብ ይዘንባል፤ በቤርሼባ ዝናብ ብርቅ ስለሆነ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አያለሁ። አባባ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጠራኝ። ያ ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ የሆስፒታሉ ምልክት አለበት።

«ንጋቴ፣ ነይ እስቲ። አንብቢልኝ» አለኝ።

ደስ አለኝ። በመጨረሻ ትልቁ ወረቀት ለእኔ ሊሰጥ! ጎኑ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ጀመርኩ። የላይኛው ክፍል ረጃጅም ቃላት ነበሩበት፤ አልገቡኝም። ዝቅ ስል የማውቃቸው መጡ። ጡንቻ። እየባሰ የሚሄድ። ከዚያ «ኤይን ሪፑይ» የሚሉ ሁለት አጫጭር ቃላት፤ መዳኛ የለውም። ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር፦ ሁኔታው ለቤተሰቡ ተነግሯል።

ጣቴ እዚያ ቆመ። እማዬ የገንዳው ጠርዝ ላይ ማንኪያ ይዛ ታየችኝ። ሊያሰናክለው የመሰለኝ ጋሼ ጓንጉል፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ያጠበችው ድስት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። እኔ ደግሞ አምስት ማንኪያ ጨምሬበታለሁ። እማዬ እንድትመጣ ፈለግሁ፤ ግን ራሞት ናት።

«ምን ይላል?» አለ አባባ። ድምፁ የለዘበ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ወደ እናቴ ወገን ተሻገርኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ድካም ነው ይላል» አልኩት።

«ድካም?»

«አዎ። ብዙ ዕረፍት ያስፈልገዋል ይላል። ከዚያ ይሻለዋል ይላል።»

«ሁሉንም አንብበሽዋል?»

«ሁሉንም።»

ጣቱን አንሥቶ፣ በዝግታ፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ አሳረፈው። «ይችስ?»

«እሷ የሐኪሙ ስም ናት» አልኩት።

አየኝ። ብዙ ጊዜ አየኝ። ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይመታ ነበር። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ዓይኔን ከሰበርኩ ያውቅብኛል ብዬ። ከዚያ ፈገግ አለና በዚያ በዛለ እጁ ራሴን ዳበሰኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ዕብራይስጥሽ ጥሩ ነው» አለኝ። ወረቀቱን ለማጠፍ ታገለ። ልረዳው እጄን ስዘረጋ «ተይው፣ እኔው» አለኝ።

እማዬ ስትገባ በሩ ላይ ጠብቄ በጆሮዋ ነገርኳት። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ተንበርክካ አንገቴን አቀፈችኝ፣ «የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ፣ እንኳን ያልነገርሽው!» እያለች። ፀጉሯ በዝናብ ርሷል። አለቀስኩ፤ ግን ኮራሁም። ከትልልቆቹ ጋር ተቆጠርኩ። አባቴን ያዳንኩት መሰለኝ። ብዙ ዓመት፣ አድጌም፣ አግብቼም፣ በዚያ ውሸት እጽናና ነበር። ሌላው ሁሉ ሲጸጽተኝ፣ አሸዋው ሲጸጽተኝ፣ ቢያንስ ተስፋውን አልነጠቅሁትም እል ነበር።

አሁን በቤርሼባ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ከሽኩና ኣሌፍ ተሳፈረ። ካርዱን ሊያስነካ ቆሞ ስሜን ደረቴ ላይ አነበበ፤ ከዚያ ፊቴን አየ።

«የታየ ልጅ?» አለኝ። ሞሼ ነበር። ከአሽከርካሪው ጀርባ ያለው መቀመጫ ላይ ተቀመጠና መውረጃው ቢያልፍም አልወረደም። የመጨረሻው ፌርማታ ደርሰን ሌላው ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ወደ እሱ ዞርኩ።

ስለ ክበቡ መዘጋት አወራኝ፣ ስለ ጉልበቱ አወራኝ። ከዚያ «ያንን ደብዳቤ ማንበቤ ልክ ይሁን ስሕተት እስካሁን አላውቅም» አለኝ።

«የቱን ደብዳቤ?»

«የሆስፒታሉን ነዋ። አባትሽ አንቺን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሲወርድ። ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፤ በቀላል ዕብራይስጥ፣ በእጄም በእግሬም እያሳየሁ። ገባው። የመጨረሻዋን መስመር፣ ለቤተሰቡ ተነግሯል የምትለዋን፣ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። የቷ እንደሆነች በጣቴ አሳየሁት።»

እጄን ወደ ሞተሩ ቁልፍ ዘረጋሁና መለስኩት።

«አላለቀሰም» አለ ሞሼ። «ሚስቱን ከጠየቃት እንደምታፍር፣ ጓንጉልንም ከጠየቀው እንደሚያፍር በተሰባበረ ዕብራይስጡ ነገረኝ። ልጅቷን እጠይቃታለሁ አለ። ልጅ አይዋሽም፤ እሷ ከነገረችኝ ሁላችንም እናወራዋለን አለ። ድፍረት እስኪያገኝ ግን ጥቂት ቀን እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ።»

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም» አልኩ።

ሞሼ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ፣ ትከሻዬን ዳሰሰኝና ወረደ። እኔ እጆቼን መሪው ላይ ዘርግቼ፣ የሚቀጥለው ጉዞ ሰዓት እስኪደርስ አለቀስኩ። ብቻውን ነበር። ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀምጠን፣ እያጎረስነው፣ እያጠብነው፣ አባቴ ብቻውን ነበር። አንድ ሰው አብሮት እንዲያውቅለት ብሎ ወደ እኔ መጥቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ መለስኩት።

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ሰባት ወር ኖረ። በሰባት ወር ውስጥ ማንንም ምንም አልጠየቀም። እጆቹ ሲሄዱ አልጠየቀም፤ ድምፁ ሲሄድ አልጠየቀም። ከትምህርት ቤት ስገባ አንገቱን ወደ በሩ መልሶ፣ ድምፁ እስካለ ድረስ በድምፁ፣ ኋላም በከንፈሩ ብቻ፣ «ዛሬ ተሽሎኛል ንጋቴ» ይለኝ ነበር።

እኔም «አውቃለሁ አባባ» እለው ነበር።